ፕሮግራሙ ተነቅሎ አፕዴተሩ ሲቀር

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ ታይዋን ገበያ የገዛሁት ያገለገለ ሲሆን ዊንዶውስ 10 ነው ያለው። ከቀድሞው ባለቤት የቀሩትንና የማልጠቀምባቸውን ክሮምን፣ አይቲዩንስን፣ ጃቫንና አንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያን አንኢንስቶል አድርጌያለሁ፤ አንዳንዱ እምቢ ስላለኝ ፎልደሩን ራሱን ሰረዝኩት። ይሁን እንጂ ጠዋት ስከፍተው የአፕዴት መስኮት ብቅ ይላል፤ ታስክ ማናጀር ላይ ሳጠፋው ተመልሶ ይመጣል፤ ከስልኬ የማገናኘው የዳታ ጥቅልም ቶሎ ያልቃል። ላፕቶፑም ይግላል። የጠየቅኳቸው ሁሉ ፎርማት አድርገው ይሉኛል፤ እኔ ግን የደንበኞች ሰነድ ስላለበት ፈራሁ። ፎርማት ሳላደርግ ማጽዳት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ይችላሉ። በእርስዎ ሁኔታ ፎርማት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ ሊሆን አይገባም ብዬ አምናለሁ። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች እንደምረዳው ላፕቶፑ ላይ የቀሩት ዋናዎቹ ፕሮግራሞች ሳይሆኑ፣ እነርሱን ለማደስ ከበስተጀርባ ይሠሩ የነበሩት አፕዴተሮች ናቸው። ታስክ ማናጀር ላይ ያጠፉት ነገር ተመልሶ መምጣቱም ብቻውን የቫይረስ ምልክት አይደለም፤ በየሰዓቱ ወይም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲቀሰቅሰው የታዘዘ ሌላ ነገር በዊንዶውስ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ ሥራው በሙሉ የሚያርፈው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀስቃሹን ፈልጎ ማስወገድ፣ ፋይል መሰረዝን ደግሞ እስከ መጨረሻ ማቆየት ያስፈልጋል። በየሱቁ የማየው ግን ብዙውን ጊዜ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

አፕዴተር ለምን ከፕሮግራሙ ተለይቶ እንደሚኖር ካወቁ ቀሪው ሥራ ይቀልልዎታል። እንደ ክሮም ያለ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ ያለውን ፋይል ለመቀየር የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ያስፈልጋል። አምራቹ አዲስ እትም ባወጣ ቁጥር ተጠቃሚውን ፈቃድ በመጠየቅ እንዳያሰለች፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው አነስተኛ ፕሮግራም ለብቻው ያስገባል፤ ይህም ሰርቪስ (ሳይታይ ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ሆኖ ወይም በቀጠሮ የሚነሣ ታስክ ሆኖ ይመዘገባል። በተጨማሪም አንድ አፕዴተር የአንድን ኩባንያ በርካታ ፕሮግራሞች በአንድነት ሊያገለግል ይችላል። አፕል ሶፍትዌር አፕዴት ከአይቲዩንስ ውጭ ላሉ የአፕል ፕሮግራሞችም የሚሠራ ስለሆነ፣ አይቲዩንስ ሲነቀል አብሮ አይነቀልም። የጉግል አፕዴተር በአንጻሩ የሚያገለግለው የጉግል ፕሮግራም እንደሌለ ሲያረጋግጥ ራሱን እንዲያስወግድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ይህም በታስኩ መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሆኖም ራሱን የሚያስወግደው ክሮም በተነቀለበት ቅጽበት ሳይሆን በቀጠሮው ተነሥቶ ሲመረምር ነው፤ የራሱ ፋይሎች በቦታቸው ከሌሉ ደግሞ ጨርሶ ሊያስወግድ አይችልም።

እርስዎ እምቢ ያሉትን ፕሮግራሞች ፎልደር ሲሰርዙ የሆነው ይኸው ነው። የማስወገጃው ፋይል ከፎልደሩ ጋር አብሮ ጠፋ፤ ምዝገባው ግን በታስክ ሼጁለር (የቀጠሮ ታስኮች በሚመዘገቡበት)፣ በሰርቪስና በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ እንዳለ ቀረ። ተመሳሳይ ነገር አንኢንስቶል እየተካሄደ መብራት ሲጠፋም ይደርሳል። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠ፣ ፕሮግራሙ ግማሹ ሄዶ ግማሹ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ለማስወገድ ሲሞክሩ ፋይል አላገኘሁም እያለ ይመልስዎታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሥራ መብራት አስተማማኝ በሆነበት ሰዓት ወይም ባትሪው ሙሉ በሆነበት ጊዜ ይጀምሩ።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የደንበኞችዎን ሰነድ ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። በእጅዎ ያለው የሌላ ሰው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ ስለሆነ ይህን እርምጃ ለማንም አልዘልለውም። ቀጥሎ በስታርት መፈለጊያው ላይ «ክሬት ኤ ሪስቶር ፖይንት» የሚለውን ከፍተው፣ ለሲ ድራይቭ ጥበቃው ጠፍቶ ከሆነ ያብሩትና አንድ የመመለሻ ነጥብ ያስቀምጡ። በዊንዶውስ 10 ይህ ጥበቃ ጠፍቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። የመመለሻ ነጥቡ የዊንዶውስን ቅንብርና ሬጅስትሪ ይመልሳል እንጂ የጠፋ የወርድ ሰነድ አይመልስም፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ከዚያ በኋላ ባለቤት አልባውን አፕዴተር በሥራ ላይ ካለው ይለዩ። መለያው ቀላል ነው፤ የሚያድሰው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ አሁንም ካለና የሚጠቀሙበት ከሆነ አፕዴተሩ ቅሪት አይደለም፣ አይነካም። ፋየርፎክስ የሚጠቀሙ ከሆነ «ሞዚላ ሜንቴናንስ ሰርቪስ» ይቆይ፤ ይህ ሰርቪስ ማደሻ ሲኖር ብቻ የሚነሣ ስለሆነ ሥራ በሌለበት ጊዜ ኮምፒውተሩን አይጫነውም። የማይክሮሶፍት ኤጅ አፕዴት ሰርቪሶችም አይነኩ፤ ብሮውዘሩን ባይከፍቱትም «ዌብቪው 2» የሚባለውን ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ክፍል የሚያድሱት እነርሱ ናቸው። የዊንዶውስ አፕዴትን ጉዳይ ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በከተማችን ጥገና ቤቶች ዳታ እንዳይበላ ተብሎ ይህን ሰርቪስ ዘግቶ ላፕቶፑን ለባለቤቱ ማስረከብ ልማድ ሆኗል፤ ባለቤቱም ማሽኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ የደኅንነት ማስተካከያ እንደማይደርሰው ሳያውቅ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። ከፎቶ ኮፒ ቤት የበለጠ የተለያየ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ የለም። እባክዎ የእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ተዘግቶ ከሆነ ይክፈቱት፤ ዳታ የሚቆጠብበትን ትክክለኛ መንገድ ከታች እገልጻለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ»ን፣ ከዚያም ከኮንትሮል ፓነል «ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ»ን ይክፈቱ፤ ሁለቱ ዝርዝሮች አንዳንድ ጊዜ ስለማይመሳሰሉ ሁለቱንም ማየት ይጠቅማል። ዝርዝሩን በአሳታሚው ስም ቢደረድሩት የአንድ ኩባንያ ቅሪት ሁሉ ጎን ለጎን ይመጣልዎታል። በእርስዎ ሁኔታ በመጀመሪያ የምፈልገው የአፕልን ነው። አፕል ራሱ የሚመክረው ቅደም ተከተል አይቲዩንስ፣ አፕል ሶፍትዌር አፕዴት፣ አፕል ሞባይል ዲቫይስ ሰፖርት፣ ቦንዡር፣ በመጨረሻም አፕል አፕሊኬሽን ሰፖርት የሚል ነው፤ አይቲዩንስ ብቻ ተነቅሎ ሌሎቹ ሳይነኩ የቀሩበትን ማሽን በብዛት አያለሁ። ቀጥሎ «ጃቫ ኦቶ አፕዴተር» የሚል ካገኙ ያስወግዱት።

አንኢንስቶል አልሆንም ያለ ፕሮግራም ሲገጥም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማይክሮሶፍት በነጻ የሚያቀርበው የኢንስቶልና የአንኢንስቶል ችግር መፍቻ ሲሆን፣ የተበላሸውን ምዝገባ አንሥቶ ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ያደርጋል። ሁለተኛው መንገድ ለሰው ሁሉ እንግዳ ይመስላል እንጂ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው፤ ፕሮግራሙን ከአምራቹ ገጽ አውርዶ እንደገና ኢንስቶል ማድረግና ወዲያውኑ በሥርዓቱ አንኢንስቶል ማድረግ። እንደገና ሲገባ የጎደሉት ፋይሎች ወደ ቦታቸው ስለሚመለሱ ማስወገጃው የጀመረውን መጨረስ ይችላል። ክሮምን በዚህ መንገድ ካስወገዱ፣ ኮምፒውተሩን ጥቂት ሰዓታት ክፍት አድርገው ይተዉት፤ የጉግል አፕዴተር በቀጠሮው ተነሥቶ ራሱን ያስወግዳል። የክሮም ሙሉ ማስገቢያ ፋይል ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስደው በፍላሽ ቢያመጡት ይሻላል። የፒዲኤፍ ማንበቢያው የአዶቤ ከሆነ ደግሞ አዶቤ ራሱ ያዘጋጀው የአክሮባትና የሪደር ማጽጃ መሣሪያ አለ፤ ከአዶቤ ገጽ ብቻ ይውሰዱት።

ከዚህ በኋላም የቀረ ካለ የሚገኘው ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ብቅ የሚለው ነገር ያለው በመጀመሪያው ቦታ፣ በታስክ ሼጁለር ውስጥ ነው። ከስታርት ይክፈቱትና በግራ በኩል «ታስክ ሼጁለር ላይብረሪ» የሚለውን ይጫኑ። መሐል ላይ የስሞች ዝርዝር ይወጣል፤ የጉግል ካለ በአሮጌው እትም ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የአንዱ ስም «ኮር» ብሎ፣ የሌላው «ዩኤ» ብሎ ይጨርሳል። ስሙን አንድ ጊዜ ተጭነው ከታች ካሉት ትሮች «አክሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ታስኩ የሚቀሰቅሰው ፋይል ሙሉ አድራሻ እዚያ ተጽፏል። አድራሻውን ገልብጠው በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ይፈልጉት። ፋይሉ በቦታው ከሌለ ይህ ታስክ ባለቤት አልባ ነው። ሌላም ማረጋገጫ አለ፤ «ላስት ራን ሪዘልት» በሚለው ዓምድ ሥር መጨረሻው 80070002 የሆነ ቁጥር ካዩ፣ ዊንዶውስ የታዘዘውን ፋይል ፈልጎ አጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ታስክ ዳታ አይበላም፣ መስኮትም አያመጣም፤ በቀጠሮው ተነሥቶ ከመውደቅ በቀር የሚያደርገው የለም። መስኮት የሚያመጣብዎት ፋይሉ በቦታው ያለው ነውና «ትሪገርስ» በሚለው ትር ውስጥ የመነሻ ሰዓቱን አይተው መስኮቱ ብቅ ከሚልበት ጊዜ ጋር ያስተያዩት። ባለቤት አልባነቱን ያረጋገጡትን ታስክ በራይት ክሊክ መጀመሪያ «ዲስኤብል» ያድርጉት፤ ለጥቂት ቀናት ሠርተው ችግር ካላዩ «ዲሊት» ያድርጉት። በግራ በኩል «ማይክሮሶፍት» በሚለው ፎልደር ሥር ያሉትን ግን አይንኩ፤ እነዚያ የዊንዶውስ የራሱ ናቸው።

ሁለተኛው ቦታ «ሰርቪስስ» የሚባለው መስኮት ነው። አንዱን ሰርቪስ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት «ፓዝ ቱ ኤግዚኪውተብል» በሚል ርዕስ የፋይሉ አድራሻ ይታያል፤ እዚህም ማጣራቱ ከላይ እንዳለው ነው። «ሪከቨሪ» የሚለውን ትር ቢከፍቱ ደግሞ ታስክ ማናጀር ላይ ያጠፉት ነገር ለምን እንደሚመለስ አንዱን ምክንያት ያገኛሉ፤ ሰርቪሱ ሳይታሰብ ሲቆም ዊንዶውስ መልሶ እንዲያስነሣው ታዝዞ ሊሆን ይችላል። በዚህ መስኮት ሰርቪስን ማቆምና ወደ «ዲስኤብልድ» መቀየር እንጂ መሰረዝ አይቻልም። ለመሰረዝ የትእዛዝ መጻፊያውን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው «ኤስሲ ዲሊት» (sc delete) የሚለውን ትእዛዝ ከሰርቪሱ ስም ጋር ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የሚጻፈው ስም በዝርዝሩ ላይ የሚነበበው ረጅሙ ስም ሳይሆን፣ ሰርቪሱን ሁለት ጊዜ ሲጫኑት በሚከፈተው መስኮት የመጀመሪያ መስመር ላይ «ሰርቪስ ኔም» ተብሎ የተቀመጠው ነው፤ በክፍት ቦታ የተለያየ ስም ከሆነ ደግሞ በጥቅስ ምልክት ይታቀፋል። ሁለተኛው ወጥመድ ይህንኑ ትእዛዝ ዊንዶውስ 10 ላይ ባለው ፓወርሼል በተባለው ሌላ የትእዛዝ መጻፊያ ውስጥ መጻፍ ነው፤ እዚያ «ኤስሲ» ፋይል ላይ ለመጻፍ የሚያገለግል ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ሰርቪሱ ሳይነካ «ዲሊት» የሚባል ፋይል ተፈጥሮ ይቀራል፤ ምንም የስሕተት መልእክት ስለማይወጣም የተሠራ ይመስላል። ሰርቪሱ ለመሰረዝ ምልክት ተደርጎበታል የሚል መልስ ከመጣ የሰርቪስስን መስኮት ይዝጉ ወይም ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ።

ሦስተኛው ቦታ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡት ዝርዝር ነው። ከታስክ ማናጀር «ስታርታፕ» የሚለው ትር ያሳየዎታል፤ «ጃቫ አፕዴት ሼጁለር» ካለ እዚያ ያገኙታል። ስሙ ብቻ ቀርቶ ፋይሉ የጠፋ ነገርም እዚያ ሊታይ ይችላል። «ዲስኤብል» ማድረጉ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፤ ከሬጅስትሪ «ራን» ቁልፍ ላይ መስመሩን ለመንቀል የሚፈልግ ሰው ቁልፉን አስቀድሞ «ኤክስፖርት» አድርጎ ያስቀምጥ።

ሦስቱንም በአንድ መስኮት ማየት ከፈለጉ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚያቀርበው «ኦቶራንስ» የተባለ መሣሪያ አለ። ሲስኢንተርናልስ ከተባለው የማይክሮሶፍት የመሣሪያዎች ስብስብ አንዱ ሲሆን ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልገውም፤ ከፍላሽ ላይ ይከፈታል። በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው ከ«ኦፕሽንስ» ሥር የማይክሮሶፍትን መስመሮች እንዲደብቅ ያድርጉ፤ ይህን ሳያደርጉ ምንም አይንኩ። ከዚያ በኋላ ዓይንዎ የሚፈልገው ቢጫ መስመር ነው፤ ምዝገባው አለ፣ ፋይሉ ግን በቦታው የለም ማለት ነው። በመስመሩ መጀመሪያ ያለችውን ምልክት ቢያነሡ መነሣቱ ይቆማል፣ መልሰው ቢያደርጉት ይመለሳል፤ «ዲሊት» ቢሉት ግን አይመለስም። «ድራይቨርስ» በሚለው ትር ሥር ያለውን ቢጫ እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ጤነኛ ዊንዶውስ ላይም እንዲህ ያለ መስመር ይገኛል፣ የሚያስከትለው ጉዳትም የለም።

ቀስቃሾቹ ሁሉ ከተነሡና ኮምፒውተሩ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ ብቻ የቀሩትን ፎልደሮች ይሰርዙ። የጉግል አፕዴተር ቅሪት በአብዛኛው የሚገኘው «ፕሮግራም ፋይልስ ኤክስ 86» ውስጥ «ጉግል» ሥር «አፕዴት» በሚባለው ፎልደር ሲሆን፣ በአዲሱ እትም «ጉግል አፕዴተር» ይባላል። ተመሳሳይ ነገር በተጠቃሚው የግል ፎልደር «አፕዳታ» ውስጥ «ሎካል» ሥርም ሊኖር ይችላል፤ እዚያ ግን «ጉግል» የሚለውን ፎልደር በጅምላ አይሰርዙ። በዚያው ሥር «ክሮም» የሚል ካለ በውስጡ የተቀመጠው የተጠቃሚው ቡክማርክና የይለፍ ቃል ነው፤ አንድ ቀን ክሮምን መልሰው ቢያስገቡ የሚፈልጉት ነገር ሊሆን ይችላል።

ዳታዎ ቶሎ ማለቁን በተመለከተ ግምት ሳይሆን ቁጥር ይመልከቱ። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ሥር «ዳታ ዩሴጅ» የሚለው ያለፉትን 30 ቀናት ፍጆታ በየፕሮግራሙ ለይቶ ያሳያል። ዝርዝሩ ግን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ብዙ አፕዴተሮች የሚያወርዱት በራሳቸው ስም ሳይሆን «ቢትስ» በተባለው የዊንዶውስ የማውረጃ ሰርቪስ በኩል ስለሆነ፣ ፍጆታው በዊንዶውስ ስም ይመዘገባል፤ ሰዎች ዊንዶውስ አፕዴትን የሚጠረጥሩትና የሚዘጉትም አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ፓወርሼልን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው «ጌት ቢትስትራንስፈር» የሚለውን ትእዛዝ «ኦል ዩዘርስ» ከሚለው ማሟያ ጋር (Get-BitsTransfer -AllUsers) ቢጽፉ፣ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ ማውረጃ ካለ በስሙ ይዘረዝርልዎታል። ከስልክ ሆትስፖት የሚመጣውን መስመር ላፕቶፑ እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ቆጥሮት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በዚያ ግንኙነት ንብረቶች ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማደሻ ያዘገየዋል፤ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ሰፊ መስመር ወዳለበት ቦታ ወስደው እንዲያወርድ ቢያደርጉ ሁለቱም ነገር ይጠበቃል፣ ጥቅልዎም ደኅንነትዎም። ሁሉም የሌላ አምራች አፕዴተር ይህን ምልክት እንደማያከብር ይወቁ፤ ባለቤት አልባዎቹን መንቀሉ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለ ሙቀቱ ግን በሐቅ ልንገርዎት፤ የአፕዴተር ቅሪት ላፕቶፕን ቀኑን ሙሉ የሚያግልበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ታስክ ማናጀር ላይ «ሲፒዩ» የሚለውን ዓምድ ተጭነው ከላይ የሚመጣውን ይመልከቱ፤ አፕዴተሩ እዚያ ከሌለ ሙቀቱን እርሱ ላይ አይጫኑ። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ያገለገለ ላፕቶፕ መጋሉ አያስገርምም፤ በአብዛኛው ምክንያቱ በፋኑ ውስጥ የታጨቀው አቧራና የደረቀው የፕሮሰሰር ፔስት ነው። እነዚህን ማስጸዳት ከማንኛውም የሶፍትዌር ሥራ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ላፕቶፑ ያገለገለ መሆኑ ሁለት ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። አንደኛ፣ በ«ሴቲንግስ» «አካውንትስ» ሥር «አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል» የሚለውን ይክፈቱ። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት የወጣ ማሽን ከሆነ የቀድሞው መሥሪያ ቤት አካውንት እዚያ ተያይዞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ያስወገዷቸው ፕሮግራሞች ከርቀት ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ማጽዳቱን ከመቀጠልዎ በፊት የሸጠልዎትን ነጋዴ ያነጋግሩ፤ ማሽኑ ከባለቤቱ መዝገብ በትክክል መውጣቱን ማረጋገጥ የእርሱ ኃላፊነት ነው። ሁለተኛ፣ ፎርማት ሁሉን ያጠፋል የሚለው እምነት ራሱ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አምራቾች በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ያስቀመጡትን ትንሽ ፕሮግራም ዊንዶውስ ሲነሣ ተቀብሎ የሚያስኬድበት መንገድ አለ። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ መንገድ ይጠቀምበት የነበረው አገልግሎት የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶበት በባዮስ ማደሻ አስወግዶታል፤ በአንዳንድ የአሱስ ማሽኖች ደግሞ «አርሞሪ ክሬት» የተባለው ፕሮግራም ከፎርማት በኋላም ልግባ እያለ የሚጠይቀው በባዮስ ውስጥ በሚገኝ ቅንብር ምክንያት ነው። ያስወገዱት ነገር የላፕቶፑ አምራች የራሱ አፕዴተር ሆኖ ተመልሶ ከመጣ፣ መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ያንን ቅንብር ማጥፋት ወይም ባዮሱን ማደስ እንጂ ፎርማት መደጋገም አይደለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ጠቅታ እናደርጋለን የሚሉ የማጽጃ ፕሮግራሞችን፣ በተለይም ክራክ ተደርገው በፍላሽ የሚዞሩትን፣ አይጠቀሙ። ማጽጃው ራሱ የራሱን አፕዴተር ይዞ ይመጣል። ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ታዋቂ ማጽጃ 5.33 የሚል ቁጥር በያዘው እትሙ ውስጥ ተንኮል አዘል ኮድ ተጨምሮበት ከራሱ ከአምራቹ ገጽ ሲሰራጭ ቆይቷል። አፕዴተርም ቢሆን ሙሉ ሥልጣን ያለው በር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አጥቂዎች የአሱስን «ላይቭ አፕዴት» ተጠቅመው ትክክለኛ ፊርማ ያለበት የተበከለ ማደሻ ማሰራጨታቸውን የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ በመጋቢት 2019 ይፋ አድርጓል። አምራቹ የተወው ፕሮግራም አፕዴተር ማሽኑ ላይ እንዲቆይ የማልፈልገውም ለዚህ ነው። አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 መደገፉን አቁሟል፤ አፕል ኩዊክታይም ለዊንዶውስን በ2016 ትቶታል። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የእነዚህን ቅሪት ካገኙ ሳያመነቱ ያስወግዱ። ዊንዶውስ 10 ራሱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ በላፕቶፑ ላይ የሚቀሩት ፕሮግራሞች፣ በተለይም ብሮውዘሩና አንቲቫይረሱ፣ የታደሱ መሆናቸው ከበፊቱ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ሥራውን ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው ሁለት ሦስት ቀን እንደ ወትሮው ይሥሩበት፤ ከዚያ ታስክ ሼጁለርን እንደገና ከፍተው የሰረዟቸው ስሞች ተመልሰው እንደሆነ ይመልከቱ። ተመልሶ የተፈጠረ ታስክ ካለ፣ የሚፈጥረው ሌላ ሕያው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ታስኩን ደግመው ከመሰረዝ ይልቅ የ«አክሽንስ»ን አድራሻና በ«ጄነራል» ትር ላይ የተጻፈውን የፈጣሪ ስም ገልብጠው ይላኩልኝ፤ ከእነዚህ ሁለት መስመሮች የትኛው ፕሮግራም እንደሚመልሰው ማወቅ ይቻላል።